የከፈልንበትን ፍጥነት ማን ያዝበታል?

በደብረ ማርቆስ ኮምፒዩተር ከተንቀራፈፈ ፍርዱ አስቀድሞ ተጽፎ ይጠብቃል፤ «ፎርማት ይደረግ!» ተማሪ ይዞት ቢመጣ ፎርማት፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ይዛው ብትመጣ ፎርማት፣ ባለፎቶ ቤቱ ተሸክሞት ቢመጣ ፎርማት። ባለሙያ ነኝ ባዩ ማራገቢያውን አያይም፤ ቻርጀሩን አይመረምርም፤ ፕሮሰሰሩ በዚያች ደቂቃ በስንት ጊጋኸርዝ እየሠራ እንደሆነ መጠየቅማ ጨርሶ ትዝ አይለውም። ፍላሹን ይሰካል፣ የሰውን ፋይል ጠራርጎ ያጠፋል፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ይጭናል፣ ብሩን ይቆጥራል። ደንበኛው ቤቱ ሲገባ ማሽኑ ያው ነው። ተመልሶ ሲሄድ ሁለተኛው ፍርድ ይነበብለታል፤ «ራም ጨምርበት።» ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ደግሞ፣ «ወንድሜ፣ ይሄማ አርጅቷል፤ ሌላ ግዛ።»

ይህ ድንቁርና በገንዘብ ሲሸጥ ማየት ሰልችቶኛል። የሚያናድደኝ ግን የሻጩ አላዋቂነት ብቻ አይደለም። ገዥዎቹ እኛም፣ ከኪሳችን አውጥተን የከፈልንበትን ፍጥነት ማን ከፍ፣ ማን ዝቅ እንደሚያደርገው አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንዲሉ፣ ማሽናችን ምን ያህል መፍጠን እንደሚችል ስለማናውቅ መንቀርፈፉን እንደ ዕድላችን ተቀብለነዋል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። በላፕቶፕ ላይ የተለጠፈው ወይም ሻጩ የሚነግራችሁ ፍጥነት ማሽኑ ሁልጊዜ የሚሮጥበት ፍጥነት አይደለም። ባገለገሉ ላፕቶፖች ገበያ በብዛት የምናገኘውን አንድ ፕሮሰሰር እንውሰድ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኢንቴል ኮር አይ ፋይቭ 8250ዩ። መደበኛ ፍጥነቱ 1.6 ጊጋኸርዝ ነው። ሥራ ሲበዛበትና ሙቀቱ ሲፈቅድለት እስከ 3.4 ይወጣል። ሥራ ሲያጣ እስከ 0.4 ይወርዳል። ከታች እስከ ላይ ያለው ልዩነት ስምንት እጥፍ ተኩል ነው! ይህን መውጣትና መውረድ ደግሞ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ያደርገዋል፤ እናንተ አታዩትም።

ማን ያዘዋል? ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ። ባለፉት ጥቂት ሚሊሰከንዶች ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንደተያዘ ይመለከታል፤ ሥራ ከበዛ ፍጥነቱን ከፍ፣ እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ ዝቅ ያደርጋል። በሊኑክስ ይህን የሚወስነው ክፍል ገቨርነር ይባላል፤ ዓይነቱም ብዙ ነው። አንዱ ሁልጊዜ ከላይ ልሁን ይላል። ሌላው ሥራ ሲመጣ ባንድ ጊዜ ይዘላል። ሦስተኛው ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. የገባው ስኬድዩቲል የተባለው ደግሞ ሥራን ለፕሮሰሰር ከሚያከፋፍለው ክፍል በቀጥታ እየሰማ ይወስናል። በዊንዶውስ ይኸው ውሳኔ ባትሪ ቆጣቢ፣ ሚዛናዊ እና ከፍተኛ አቅም በሚሉ ምርጫዎች ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ወሰኑን ያበጃል፤ በወሰኑ ውስጥ ቺፑ ራሱ ይመርጣል።

ከዚህ አሠራር ጋር ጠብ የለኝም፤ እንዲያውም አደንቀዋለሁ። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ይጨምራል። ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንሱና በዚያው ሰበብ ቮልቴጁን በ30 ከመቶ ማውረድ ብትችሉ፣ የሚበላው ኃይል ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ሥራው እጥፍ ጊዜ ቢወስድ እንኳ ፕሮሰሰሩ የጨረሰው ጉልበት በግማሽ ያነሰ ነው። ይህን ሐሳብ ተመራማሪው ማርክ ዋይዘርና ሦስት ባልደረቦቹ በ1994 እ.ኤ.አ. በጥናት አቀረቡት። በ2000 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ፤ ኢንቴል ስፒድስቴፕ፣ ኤኤምዲ ፓወርናው፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ይሠራበት የነበረው ትራንስሜታም ሎንግራን ብለው አወጡት። ዛሬ ስልካችሁ ቀኑን ሙሉ በኪሳችሁ የሚውለው በዚህ ብልሃት ነው። መብራት በሚሄድበት አገር ለሚኖር ሰው ይህ በረከት ነው።

ጠቤ ሌላ ነው። ፍጥነቱን ዝቅ የሚያደርገው እጅ አንድ አይደለም፤ ከእነዚህ እጆች ብዙዎቹ ደግሞ ለባለቤቱ አይናገሩም።

ቻርጀሩን ልውሰድ። አንዳንድ ላፕቶፖች ቻርጀራቸውን የሚያውቁት በማገናኛው መካከል ባለች ቀጭን መርፌ በኩል ነው። ማሽኑ ማንነቱን ማንበብ ካልቻለ አያምነውም፤ ባትሪውን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩንም ወደ ታች ይጎትተዋል። ዴል ይህንን በራሱ የድጋፍ ጽሑፎች ላይ አስፍሮታል፤ ምስጢር አይደለም። እዚህ ከተማ ግን ኦሪጅናል ቻርጀር ውድ ነው፤ ስለዚህ ሁላችንም ርካሹን እንገዛለን። ማሽኑ ሲበራ በእንግሊዝኛ አንድ መልእክት ብልጭ ይላል፤ ባለቤቱ ሳያነበው አንዱን ቁልፍ ይጫናል፤ አለቀ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ 3.4 ጊጋኸርዝ የተባለ ፕሮሰሰር በ0.4 ሊዳክር ይችላል። አንድ ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ሥራ እስከ ስምንት ደቂቃ ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተመራቂ ላፕቶፕዋን ይዛ ወደ እኔ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏን እየሠራች ነበር። አንድ ጥገና ቤት ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርጎላታል። በመጀመሪያው ከአርሶ አደሮች ቤት ለቤት ዞራ የሰበሰበችው መጠይቅ፣ ወደ ኮምፒዩተር ካስገባችው በኋላ፣ ጠፋ። በሁለተኛው እንደገና ያስገባችው ግማሹ ጠፋ። «ጋሼ፣ ሦስተኛ ፎርማት ካልክ እኔ አልመረቅም» አለችኝ። ታስክ ማኔጀርን ከፈትኩ፤ ፍጥነቱ ከታችኛው ወለል ላይ ተቸንክሯል። ቻርጀሩን ነቀልኩ፤ የመካከሏ መርፌ ተጣማለች። በሌላ ቻርጀር ስሰካው ፍጥነቱ ዓይኗ እያየ ወጣ። ልጅቷ አልሳቀችም፤ አለቀሰች። ያ ሁሉ ፋይል የጠፋው በአንዲት መርፌ ሰበብ ነው! ፎርማት ማድረግ እዚያ ቦታ ላይ ምንም ሊፈይድ አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ትእዛዙ የሚመጣው ከዊንዶውስ በታች፣ ከማሽኑ ከራሱ ቦርድ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የሰው ፋይል ላይ እጁን ማንሳት የለበትም። አለቀ።

ታዲያ የፎርማት ሃይማኖት ለምን አይሞትም? አንዳንዴ በአጋጣሚ ስለሚሠራ ነው። በዊንዶውስ ውስጥ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ ጣሪያ የሚባል በመቶኛ የሚሞላ ቦታ አለ። 100 የነበረውን አንድ ሰው ሙቀት ልቀንስ ብሎ 99 ካደረገው፣ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ቱርቦ የሚባለው ጭማሪ ፍጥነት ጨርሶ ይጠፋል። ያ የነገርኳችሁ ፕሮሰሰር ከ1.6 በላይ አይወጣም ማለት ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ የፊተኛው ባለቤት ወይም የፊተኛው መሥሪያ ቤት ያበጀውን ጣሪያ አብራችሁ ልትገዙት ትችላላችሁ። ፎርማት ይህን ይሰርዘዋል፤ ማሽኑም ይነቃል። ጠጋኙ «አላልኩህም?» ይላል። የሠራው ግን አንዲትን ቁጥር ከ99 ወደ 100 መመለስ ነው፤ ለዚህም የሰውን ሁለት ዓመት ፎቶ አጥፍቷል።

ሙቀትም አለ። ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ማንንም ሳይጠይቅ ፍጥነቱን ይቆርጣል፤ ራሱን ማዳኑ ነውና አልፈርድበትም። እኛ ደገኞች ግን እዚህ ላይ የተለየ ሒሳብ አለን። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየራችን ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለሰርቨር ክፍሎች ባወጣው መመሪያ፣ እስከ 35 ዲግሪ ለሚፈቀድላቸው ማሽኖች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ቀንሱ ይላል። በእኛ ከፍታ ወደ አምስት ዲግሪ ይሆናል። ወደ ጮቄ ግርጌ፣ ወደ ሲናን ከወጣችሁ ቅናሹ ይብሳል።

ደግነቱ ፈጣሪ በሳሳው አየር የወሰደብንን በብርዱ መልሶልናል፤ 30 ዲግሪ እኛ ዘንድ ብርቅ ነው። እንግዲያው የደጋ ላፕቶፕ ለምን ይግላል? ጋቢ ላይ ስለምናስቀምጠው! ብርድ ነው ብለን አልጋ ላይ እንወጣለን፣ ጋቢ እናጣጥፋለን፣ ላፕቶፑን እላዩ ላይ እናሳርፋለን፤ አየር የሚስብበት ቀዳዳም ይደፈናል። በዚያ ላይ የበጋው አቧራ አለ። በማራገቢያውና በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ተጋግሮ ብርድ ልብስ ይሆናል፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባትም ይደርቃል። ይህን በብሩሽና በአዲስ ቅባት የሚያጸዳ ሰው መቶ ፎርማት ከሚያደርግ ሰው ይበልጥብኛል። ግን ጽዳት እጅ ያቆሽሻል፤ ፎርማት ደግሞ ፍላሽ ሰክቶ ቡና መጠጣት ነው።

መብራቱን እንዴት እዘለዋለሁ? ዓባይ ጎጃምን ዞሮ ይሄዳል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ እስከ ቤታችን ማድረስ ሌላ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱን ሳያማክር ወደ ቁጠባው ይወርዳል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ «መብራት ሲሄድ ፕሮሰሰሬን መታብኝ» እያለ ይማልላችኋል። ማንም አልመታውም። ማሽኑ ባትሪ እየቆጠበለት ነው፤ ሆኖም አልነገረውም።

በዚህ መሐል ሌላ ወገን ተነሥቷል፤ እሱንም አልምርም። ሁለት ቪዲዮ ያየ ወጣት ሁሉንም ነገር ከፍተኛ አቅም ላይ ቸንክሮ ይመጣና «ፈታሁት» ይላል። አልፈታህም፣ ወንድሜ፤ ታውረህ ነው። ባትሪህ ምሳ ሳይደርስ ያልቃል፤ ማራገቢያህ ባዶ ገጽ ላይም ይጮሃል። ሁልጊዜ ቀስ ማለት ይቆጥባል ብሎ የሚያስበውም እንዲሁ ተሳስቷል። ፕሮሰሰሩ በተጎተተ ቁጥር ስክሪኑ፣ ራሙና ዲስኩ ለዚያ ሁሉ ረጅም ጊዜ ኃይል ይበላሉ። ስለዚህ አንዳንድ ሥራ ባንድ ትንፋሽ ተሠርቶ ማሽኑ ቶሎ ቢተኛ ይሻላል። ሌላው ደግሞ ረጋ ብሎ ቢሠራ ይሻላል። አመዛዛኙን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መተው ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። እኔ የምጠይቀው ፍጥነትን አይደለም፤ የማወቅና የመወሰን መብትን ነው።

«ተራ ሰው ይህን ሁሉ ማወቅ የለበትም» የሚሉኝ አሉ። ይህ አባባል የት እንደሚያደርስ ዓለም አይቶታል። አፕል በ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባወጣው ማሻሻያ፣ ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን ፕሮሰሰር ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ምክንያቱ እብድ አልነበረም፤ ስልኮቹ በድንገት ይጠፉ ነበር። ለባለቤቶቹ ግን በግልጽ አልተነገራቸውም። ሰው «ስልኬ አረጀ» እያለ አዲስ ሲገዛ፣ ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው አዲስ ባትሪ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አካባቢ ፍጥነቱን የሚለኩ ሰዎች ቁጥሩን ይዘው ወጡ፤ ኩባንያው አመነ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። በ2020 ፈረንሳይ 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው፤ ያስቀጣውም ለሸማቹ አለመንገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2022 ደግሞ ሳምሰንግ በጨዋታ ማሻሻያ ስም በሺዎች የሚቆጠሩ መተግበሪያዎችን የሚያዘገይ ፕሮግራም በስልኮቹ ውስጥ እንዳለ ታወቀ። ጊክቤንች የተባለው የፍጥነት መለኪያ ከኤስ 10 እስከ ኤስ 22 ያሉትን ጋላክሲዎች ከሰንጠረዡ አወጣ። ሳምሰንግም ለባለቤቱ መቆጣጠሪያውን ለመስጠት ተገደደ። በሁለቱም ጊዜ እነዚያን ግዙፎች ያንበረከካቸው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ለካ።

ጎጃሜ ይህ ነገር ሊገባው ይገባል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገማቾች ወደ አገራችን ሲመጡ፣ አያቶቻችን አሻፈረኝ ብለው ተነሡ። ከብሩ ይልቅ ያስቆጣቸው ባዕድ ገማች ርስታቸው ውስጥ ገብቶ ምርታቸውን በራሱ ዓይን መወሰኑ፣ ከዚያም ርስቱ ራሱ ይወሰድብናል የሚለው ሥጋት ነበር። ጦር ተላከባቸው፤ አውሮፕላን ሳይቀር ዘመተባቸው። አልበረዱም። በመጨረሻ የጃንሆይ መንግሥት ውዝፉን ምሮ አፈገፈገ። እነዚያ ሰዎች በእርሻቸው ላይ ማን እንደሚለካ ለማወቅ ደማቸውን ሰጡ። እኛ የልጅ ልጆቻቸው በወራት ደመወዝ የገዛነውን ማሽን ማን እንደሚያዝበት ለማወቅ ሦስት ቁልፍ መጫን ይታክተናል!

አዎ፣ ሦስት ቁልፍ ነው። በዊንዶውስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን ባንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል፤ ፐርፎርማንስ የሚለውን፣ ከዚያ ሲፒዩን ክፈቱ፤ ስፒድ የሚለውን ቁጥር አንብቡ። ከባድ ሥራ አሠሩት። ቁጥሩ ካልወጣ በየተራ ጠይቁ። ቻርጀሩ ታውቋል? ማሽኑ ግሏል? ባትሪ ቁጠባ በርቷል? ጣሪያው ከ100 በታች ነው? ከእነዚህ አንዱም ፋይል ማጥፋት አይጠይቅም፤ ከእነዚህ አንዱም አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት አይጠይቅም። ቁጥሩ ከፍ ብሎ እያለ ማሽኑ ከተንቀራፈፈ ደግሞ ያን ጊዜ ስለ ራምና ስለ ዲስክ እናወራለን።

ለትምህርት ቤቶቻችንም ቃል አለኝ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በኮምፒዩተር ይሰጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ተጀምሯል። መልካም ነው፣ እሰየው። ግን ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሙሉ ሴሚስተር ተምሮ፣ በኤ ውጤት አልፎ፣ የራሱ ላፕቶፕ በስንት ጊጋኸርዝ እየሠራ እንደሆነ ማንበብ የማይችል ተመራቂ ምን ዓይነት ተመራቂ ነው? የፕሮሰሰር ፍጥነት ፖሊሲን ለፈተና ሸምድዶ ሲያበቃ የጎረቤቱን ማሽን ፎርማት የሚያደርግ ኮደር አምስት ሚሊዮን ቢሆን፣ የሚጠፋው ፋይል ከመብዛቱ በቀር ምን ይጠቅመናል? መምህሮቼ፣ ቲዎሪውን ባስተማራችሁበት ሰዓት ላቦራቶሪውን ክፈቱት፤ ተማሪው ቻርጀሩን ነቅሎ ቁጥሩ ሲወርድ በዓይኑ ይይ።

ላፕቶፕ አስመጪዎችም ስሙ። ያለ ትክክለኛ ቻርጀሩ የምትሸጡት ማሽን ግማሽ ማሽን ነው፤ ዋጋውንም ግማሽ አድርጉት። ገዥም ብሩን ከመቁጠሩ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ያስነሣው፣ በሚሸጥለት ቻርጀር ይሰካው፣ ፍጥነቱን ያንብብ። ሻጩ ከተቆጣ ሌላ ሱቅ አለ።

አንተ ጥገና ቤት የከፈትከው ወንድሜ ደግሞ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለደንበኛ የምትለው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይቀየር። ፍላሹን ከመሰካትህ በፊት ስክሪኑን ወደ ባለቤቱ አዙር፤ ቁጥሩን አሳየው፤ ለምን ዝቅ እንዳለ ንገረው። ይህን ማድረግ ካልቻልክ ማሽኑን መልስለት፤ የምታጠፋው ፋይል ያንተ አይደለም።